ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ በጎ አድራጊ

ጅማ ውስጥ የሚሰጥ ሰው ጠፋ የሚል ካለ፣ ማይክ በተያዘበት ቦታ ተገኝቶ አያውቅም ማለት ነው። ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ ማሠሪያ ጉባኤ ሲጠራ መጥታችሁ እዩን። ጠዋት ከሕርመታ መርካቶ ያመጣውን የባጃጅ ሾፌር በአምስት ብር አንገቱን ይዞ ሰፈር የሰበሰበ ሰውዬ፣ ከሰዓት በኋላ ስሙ በድምፅ ማጉያ ሲጠራ “አሥር ሺህ!” ብሎ ይነሣል። እልልታው ይቀልጣል። ምስኪን ባለባጃጅ! ማይክ ይዞ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡን ከነጉርሻው ይቀበል ነበር።

መጽሐፉ “ምጽዋት ስታደርግ በፊትህ መለከት አታስነፋ” ይላል፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 6። የኮሚቴያችን አባላት ይህን ቃል በቃላቸው ይወጡታል። ስለዚህም መለከት አያስነፉም፤ ሞንታርቦ ነው የሚከራዩት።

እኔ ከሰጪዎች ሁሉ አብልጬ የምወዳቸው ስማቸው እንዲጠቀስ የማይፈልጉትን ነው። “ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ አንድ በጎ አድራጊ፣ ሃምሳ ሺህ ብር!” ይላል ማይክ የያዘው ወንድማችን። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ግን ደግሞ ሕዝብ ነውና ማን እንደሆኑ ሳያውቅ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ባለማይኩም ይህን ይረዳል። “አደራ ስለተባልን ስማቸውን አንጠራም። ብቻ ፈረንጅ አራዳ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው፣ ልጃቸውን አምና የዳሩ፣ ዘንድሮ ደግሞ ነጭ ላንድክሩዘር የገዙ አባታችን ናቸው። እግዚአብሔር ይስጥልን!” ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሰው ከወንበራቸው ከፍ ብለው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ወደ ኋላም እጅ ይነሣሉ። ስማቸው ግን አልተጠቀሰም። ቃል ተጠብቋል።

ከዚያ ጨረታው ይከተላል። በመስታወት የተለበጠች የእመቤታችን ሥዕል ትወጣለች። “ሃያ ሺህ አንድ ጊዜ! ሃያ ሺህ ሁለት ጊዜ!” አሸናፊው ወጥቶ ይሳለምና “መልሼ ለቤተ ክርስቲያኗ ሰጥቻለሁ” ይላል። እሰይ ነው። እንደገና ለጨረታ ትቀርባለች። ሌላው ያሸንፋል፤ እሱም ይመልሳል። በዚህ ከተማ ይህን ያህል ጊዜ ተሸጦ ስሙ ያልተዛወረ ንብረት ያለ አይመስለኝም። ይህ እንኳን መልካም ነው፤ ገንዘቡ ይሰበሰባል፣ ሥዕሏም ቤቷ ትቀራለች። አስቸጋሪው ማዶ ያለው፣ “ቃል የተገባ” የሚለው መዝገብ ነው።

ቃል መግባትና ብር ማስገባት ለየቅል ናቸው። ጅማ ነንና ቃላችን ሁሉ ከቡና ጋር የተቆራኘ ነው። ሁሉም “ቡናው ሲደርስ” ይላል። ቡናው ጥቅምት ላይ መቅላት ሲጀምር የቃል ገቢው ስልክ ከኔትወርክ ይወጣል። ታኅሣሥ ላይ ገንዘብ ያዡ መንገድ ላይ ያገኘው እንደሆነ ዋጋው ወድቋል። ዋጋው ካልወደቀ ምርቱ አንሷል። ዋጋም ምርትም የተባረኩ እንደሆነ ደግሞ “ውይ አባ! የዘንድሮው ለአምናው እዳ ነው የሄደው” ይላል። የአምናውን ለምን እንዳልሰጠ የሚጠይቀው የለም። ገንዘብ ያዡም ቡና አለው።

ዐሥራት ላይ ደግሞ እያንዳንዳችን የሒሳብ ሊቅ ነን። “ዐሥራቱን ሁሉ ወደ ጎተራ አግቡ” ይላል ሚልክያስ 3፥10። አንድ የማውቀው የመንግሥት ሠራተኛ ይህን የሚያሰላው እንዲህ ነው፤ ከደመወዙ ላይ ግብሩን፣ ጡረታውን፣ የቤት ኪራዩን፣ የእድሩን፣ የእቁቡን፣ የልጆቹን ትምህርት ቤትና “የማይታይ ወጪ” ብሎ የሚጠራውን የጀበና ቡና ከነጫቱ ይቀንስና የቀረው ላይ አንድ ዐሥረኛ ያወጣል። ባለፈው ሲያሰላ አጠገቡ ነበርኩ። ነገሩ ከዜሮ በታች ወርዶ እግዚአብሔር ባለዕዳ ሆኖ ተገኘ። ሰውዬው ግን ደግ ነው፤ “ግድ የለም፣ ትቼለታለሁ” አለ።

ደጀ ሰላም ላይ ያለው ልግስና ሌላ ነው። እሑድ ጠዋት ከበሩ አጠገብ ዝርዝር የሚሸጡ ልጆች አሉ፤ ሃምሳ ብር ሰጥቶ አርባ አምስት ብር ዝርዝር መቀበል ነው። አምስቷ ብር የልጁ ትርፍ ናት። ታዲያ ያቺ አምስት ብር የምታንገበግበው ሰው ዝርዝሩን ትቶ ድፍን አሥር ብሩን ይዞ ወደ ነዳያን ይሄድና አንድ ዐይነ ስውር አባት ፊት ይቆማል። “አባቴ፣ ስምንት ብር መልስ አለዎት?” ለምኖ አዳሪው ሽማግሌ ቆጥረው ይመልሱለታል፤ በዳበሳ፣ አንድ ሳንቲም ሳያጓድሉ። ከዚያ “ስለ ማርያም” ይሉታል። ምን ይበሉ!

ግራህ ቀኝህ የምትሠራውን አትወቅ የሚለው ቃልም ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ትርጓሜ አጥቷል። አሁን ቀኝ ይልካል፣ ግራ ስክሪንሾት ያነሣል። ሥዕሉ ወደ እድሩ የቴሌግራም ግሩፕ ይላካል፤ “ለታመመችው እህታችን የአቅሜን” ከሚል ጽሑፍ ጋር። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሌላው ከዚያ በመቶ ብር የበለጠ ስክሪንሾት ይለጥፋል። የታመመችውም እህት እዚያው ግሩፕ ውስጥ ናትና ተኝታ ውድድሩን ትከታተላለች። እውነቱን ለመናገር በዚህ መንገድ ታክማ የተነሣች ሰው አውቃለሁ። የፉክክርም ብር መድኃኒት ይገዛል።

መስጠት ሒሳብ ያለው ነገር መሆኑን ጅማ ከማንም ቀድሞ የገባው አገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው፣ ግብሩን በየዓመቱ እየላኩ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ኖረዋል። ሰጥተው ያተረፉ ብልህ ንጉሥ ነበሩ። እሳቸውስ መንግሥት ነበራቸው። የእኛ ሰው ግን ሁለት ድስት ሰጥቶ ሦስት ድስት ሲጠብቅ ምን ሊያስተዳድር ነው?

ወደ ሠርግ መጣሁ ማለት ነው።

ጋብቻ ቅዱስ ነው። ጥር ሲገባ ግን ከቅድስናው በፊት የሚታየው ድንኳኑ ነው። ዐቢይ ጾም ሳይገባ መዳር ስላለበት ከተማው በሙሉ መኪና ላይ አበባ ያስራል፣ የአወይቱን ወንዝ በጡሩምባ ይሻገራል። ሙሽሮቹ በተክሊል ሊጋቡ ቤተ ክርስቲያን ገብተው፣ ካህኑ ጸሎቱን አድርሰው አክሊሉን ጭነው ሲያበቁ፣ ከወደ ጥግ ድምፅ ይመጣል። ቪዲዮ አንሺው ነው። “አባ፣ ይቅርታ፣ አክሊሉን አንዴ ቢያነሡትና መልሰው ቢጭኑት፤ ፎከሱ ጠፍቶብኝ ነው።” አባም ገልመጥ አድርገውት ጸሎታቸውን ይቀጥላሉ። እግዚአብሔር ያየውን ጋብቻ ካሜራው ሳያየው ቀረ ተብሎ የሙሽራዋ እናት ስታለቅስ ያየሁት በዐይኔ ነው።

ሰባኪው ከኤፌሶን 5 ያስተምራል። “ሚስቶች ሆይ፣ ለባሎቻችሁ ተገዙ” የሚለው ቁጥር 22 ላይ ነው፤ ወንዱ ሁሉ ራሱን ይነቀንቃል፣ አሜን ይላል፣ አንዳንዱም ሚስቱን በክርኑ ይነካታል። “ባሎች ሆይ፣ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት ሚስቶቻችሁን ውደዱ” የሚለው ቁጥር 25 ላይ ሲደረስ ያው ወንድ ስልክ ተደውሎለት ወጥቷል። በመካከል ያሉት ሁለት ቁጥሮች ናቸው። በሁለት ቁጥር ውስጥ ይህን ያህል ሰው እንዴት ስልክ እንደሚደወልለት አላውቅም።

ድንኳኑ ውስጥ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ የስጦታው ደብተር። ጌታ በሉቃስ 14 ግብዣ ስታደርግ ብድር የሚመልሱልህን ባለጠጎች ጎረቤቶች አትጥራ፣ ድሆችን ጥራ ብሏል። የሙሽራው እናት ይህን በመቃወም አይደለም ደብተር የያዙት፤ ዝም ብለው የቀደመውን ማየት ስለሚፈልጉ ነው። ጎረቤቲቱ ተጠቅልሎ የመጣ ድስት ስታስረክብ እትዬ ደብተራቸውን ገለጥ፣ ገለጥ አድርገው፣ “የእሷ ልጅ ስትዳር የሰጠኋት ባለክዳን ነበር” ይላሉ። ድስቱ ይፈታል። ክዳን የለውም። ክዳኑ የት እንደሄደ እስከ ልጃቸው ክርስትና ድረስ ሲነጋገሩበት ይኖራሉ።

የጅማ ሠርግ ደግሞ ያለ ሁለተኛው ድንኳን ሠርግ አይባልም። ሰንጋ ሁለት ነው የሚጣለው፤ አንዱ በስመ አብ ተብሎ፣ አንዱ ቢስሚላህ ተብሎ። ያንኛውን የሚያሳርዱልን የጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ሐጂ ከሚዜዎቹ ቀድመው ይመጣሉ፣ ወንበር ከተከራዩ ልጆች ጋር ወንበር ይቆጥራሉ፣ ማታ ሁሉም ሲበተን የእኛን ዘመዶች ሳይቀር በመኪናቸው ያደርሳሉ። ደብተር ላይ ግን ስማቸውን ፈልጌ አላገኘሁም። ምን ሰጥተው ነው? አንድ በሬ ሙሉ ቀን ከማስተናገድ በቀር!

ሠርጉ አልፎ ዲኮሩ ሲፈታ ከሥሩ እዳ ይወጣል። ሙሽራው የተበደረው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ ከጽዋ ማኅበራችን ሰው፣ አንገታቸው ላይ ትልቅ መስቀል ካንጠለጠሉ አባት፤ በወር አሥር በመቶ። ይህንንም ዐሥራት ይሉት ይሆናል። ሁለተኛው ከሐጂ ነው፤ “ወለድማ ሐራም ነው፣ ሲመችህ ትመልሳለህ” ብለው። በቃና ዘገሊላ ሠርግ ስድስቱን የድንጋይ ጋኖች ወይን ያደረገ ጌታ ደጋሹን ከኀፍረት አድኖታል። የእኛው ደጋሽ ግን መጠጥ አልጎደለበትም፤ ወር ባለቀ ቁጥር ወለዱ ከተፍ ሲል ኪሱ ነው የሚጎድለው።

ቤት ገብተን እንያቸው። ሳሎኑ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለ የወርቅ ቀለም ጽሑፍ አለ፤ “ፍቅር ይታገሣል፣ ቸርነትንም ያደርጋል፤ በደልን አይቆጥርም።” ከሥሩ ባልና ሚስት ግራና ቀኝ ተቀምጠዋል፤ መካከላቸው ልጃቸው አለ።

“አባትህን ምሳ ቀርቧል በለው።”

“እናትህን ጨው እንዳለው ጠይቃት።”

“ትናንት ጨው በዛ ብሎ ሳህን የገፋ ሰው ዛሬ ምን አገባው በለው።”

“ትናንት ሳይሆን ማክሰኞ ነው በላት።”

ልጁ የስምንት ዓመት አስታራቂ ነው፤ የእሱ ሥራ ደግሞ ያለ ክፍያ ነው። በሩ ሲንኳኳ ሁሉም ይለወጣል። የንስሐ አባታቸው ናቸው። “ውዴ፣ ለአባ ትራስ አቅርቢላቸው።” “እሺ ውዴ፣ አንተ አረፍ በል።” አባም የጅማ በርጩማው ላይ ተቀምጠው “ጎጇችሁን እንደ አብርሃምና እንደ ሣራ ያድርግላችሁ” ብለው ይመርቃሉ፣ ጠበል ረጭተው ይወጣሉ። በሩ ይዘጋል። ጸጥ። ከዚያ፣ “አባትህን ቡናው ሊቀዘቅዝ ነው በለው።”

ታዲያ ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከዚህ ሁሉ ትዕይንት ወጥቶ በስውር ለመስጠት ቆረጠ። ሰው በሌለበት የሥራ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዶ፣ ዘበኛው እንኳን ሳያየው፣ ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ ሁለት ሺህ ብር ከተተ። ለሚስቱም አልነገረም። በሁለተኛው ቀን ምግብ አልበላ አለው። በሦስተኛው ቢሮ ሲገባ ፊቱ ገርጥቶ ነበር። በአራተኛው ቀን ቡና ጋበዘኝና ግራና ቀኝ አይቶ፣ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ ነገረኝ። ሁለት ሺህ ብር። በስውር። ፊቱ ወዲያው ጠራ።

“አደራ፣ ለማንም እንዳትናገር” አለኝ።

“በፍጹም” አልኩት።

በሳምንቱ ኮሪደር ላይ አገኘኝ።

“ያንን ነገር ለሰው ነገርክ እንዴ?”

“ኧረ በእግዚአብሔር! ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።”

ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆየ።

“ለማንም?”

“ለማንም።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታው ቀዝቅዟል።