ማዲያት የሚብሰው በፀሐይም በቅባትም ነው

አዳማ ውስጥ ፊቷ ላይ ማዲያት የወጣባት ሴት ከሐኪም በፊት የምታማክረው የኮስሞቲክስ ሱቅ ሻጭን ነው። ይህ የሚያስወቅሳት አይደለም፤ የቆዳ ሐኪም ጥቂት ነው፣ ሱቁ ግን በየመንገዱ አለ፣ ሻጩም ያለ ቀጠሮ ያስተናግዳል። የሚያሳስበኝ ከሱቁ ይዛው የምትወጣው ቅባት ነው። ማዲያትን ለመከላከል ዋናው መፍትሔ ከፀሐይ መከለል ሆኖ ሳለ፣ ገንዘባችን የሚፈሰው ግን በአብዛኛው ችግሩን በሚያባብሰው ነገር ላይ ነው።

በቅድሚያ ጠቃጠቆንና ማዲያትን መለየት ያስፈልጋል። ጠቃጠቆ ከልጅነት ጀምሮ በአፍንጫና በጉንጭ ላይ የሚታይ፣ በዘር የሚወረስ፣ በፀሐይ የሚደምቅና ከፀሐይ ሲርቁ የሚደበዝዝ ነጠብጣብ ነው፤ ጉዳት ስለሌለው ትቶት መኖር ይቻላል። ማዲያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ በግንባር፣ በጉንጭና በላይኛው ከንፈር ላይ ግራና ቀኙ ተመሳስሎ የሚወጣ ቡናማ ጥቁረት ሲሆን፣ እርግዝና፣ ሆርሞን ያለው የወሊድ መከላከያ፣ የቤተሰብ ዝንባሌና ከሁሉም በላይ ፀሐይ ተደራርበው ያመጡታል። በእርግዝና የወጣው ከወለዱ በኋላ በወራት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል። በወሊድ መከላከያው ምክንያት መሆኑን የጠረጠረች ሴትም በራሷ ውሳኔ ከማቋረጧ በፊት የጤና ባለሙያ ታማክር።

ስለ ፀሐዩ ስናወራ ሙቀትንና ጨረርን እናምታታለን። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ቆዳን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ ከአዳማ ከፍ ብላ በምትገኘው አዲስ አበባ ብርድ ነው ብሎ ፊቱን ገልጦ የሚውል ሰው ለበለጠ ጨረር ተጋልጧል፤ አዳማ ላይም ደመና ስለሆነ ብሎ ጃንጥላውን ቤት ጥሎ የሚወጣ ሰው ከጨረሩ አላመለጠም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ ጃንጥላ ወይም ፊትን የሚከልል ነጠላ ከብዙ ቅባት ይሻላል። ወንድ ለፀሐይ ጃንጥላ ሲይዝ የምንስቅበት ነገር ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ማዲያት በወንዶችም ላይ ይወጣል። ሰንስክሪን (ከፀሐይ ጨረር የሚከላከል ቅባት) መግዛት የሚችል ሰው የመከላከያ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን መርጦ ውጭ ሲውል በየ2 ሰዓቱ ይደግመው። የሚታየው ብርሃን ራሱ ማዲያትን ስለሚያደምቅ፣ አይረን ኦክሳይድ (ቀለም የሚሰጥ የብረት ውሁድ) ያለበትና የቆዳ ቀለም ያለው ዓይነት ከነጩ ይመረጣል።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ሻጩ ከሁለት ወይም ከሦስት ቱቦ ቅባት እየጨመቀ በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይቀላቅላል፣ በእንጨት ያማስላል፣ ክዳኑን ገጥሞ ያስረክባል። ዕቃው ላይ የይዘት ዝርዝርም ሆነ የማብቂያ ቀን የለም። እንዲህ ባለው ቅልቅል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው እንደ ክሎቤታሶል ያለ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያስታግስ መድኃኒት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊት ይጠራል፣ ጎረቤትም ያደንቃል፤ በወራት ውስጥ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይወጣል። ለማቆም ሲሞከር ፊት ስለሚቀላና ስለሚያቃጥል ተጠቃሚዋ ተመልሳ ትገዛለች፤ ሱቁ ደንበኛ የሚያፈራውም በዚሁ መንገድ ነው። ሃይድሮኪኖን የተባለው የቆዳ ጥቁረት ማደብዘዣ በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት ሲታዘዝ የታወቀ መድኃኒት ቢሆንም፣ ለዓመታት ያለ ቁጥጥር ሲቀባ ለማስለቀቅ እጅግ የሚያስቸግር ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ያመጣል፤ ይህ ጉዳት እ.ኤ.አ. በ1975 በደቡብ አፍሪካ ተመዝግቧል። ሜርኩሪ ያለበት የቆዳ ማንጫ ደግሞ ኩላሊትን ይጎዳል፣ በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱም ይተርፋል።

ሎሚ ፊት ላይ መቀባትም እንደ ቀላል የቤት መድኃኒት ይመከራል። በሎሚ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያቃጥላል፤ ቃጠሎው ሲድን የሚተወው ጥቁር ምልክት ለመጥፋት ወራት ይፈጃል። ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም የሚለው አባባል እዚህ ላይ አይሠራም።

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የመዋቢያ ምርቶችንም የሚመለከት በመሆኑ፣ ጉድለቱ ያለው በሕጉ ላይ ሳይሆን በየሱቁ ገብቶ በማየቱ ላይ ይመስለኛል። ተቆጣጣሪዎች መጀመሪያ ማንሳት ያለባቸው ስም የሌለውን የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ እሱን ለማገድ የላብራቶሪ ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። ስቴሮይድ ያለ ማዘዣ የሚሸጡ መድኃኒት ቤቶችም ከተጠያቂነት ማምለጥ የለባቸውም። የከተማው አስተዳደር በበኩሉ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ለሚሸጡ እናቶች የገበያ ጥላ ቢሠራና በእግረኛ መንገዶች ዳር ዛፍ ቢተክል፣ የጤና ጥቅሙ ከማንኛውም ክሬም ይበልጣል። እስከዚያው ድረስ ቅልቅሉን ለረጅም ጊዜ ስትቀባ የቆየች ሴት በአንድ ቀን ከማቆም ይልቅ ዕቃውን ይዛ ሐኪም ዘንድ ብትሄድ ይሻላታል፤ ስቴሮይድ የለመደ ቆዳ ከቅባቱ የሚላቀቀው ቀስ በቀስ ነው።