ስለ ምክትል የምትጣሉ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። አስቀድሜ መናገሬ ኋላ «ሽማግሌው ምን ነካው» እንዳትሉ ነው።

በ2016 ክረምት፣ ሐምሌ 30 ቀን ማምሻውን፣ አራት ኪሎ አንዲት ቡና ቤት ውስጥ ከዝናብ ተጠልዬ ነበር። ለአሜሪካ ፕሬዚዳንትነት ይወዳደሩ የነበሩት ካማላ ሃሪስ የሚኒሶታውን ገዥ ቲም ዋልዝን ምክትላቸው እንዲሆኑ መምረጣቸው በየስልኩ ገባ። ቤቱ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ጎረምሳ «ሚኒሶታ እኮ ወንድሜ ያለበት ነው፤ ሰውዬው የኛ ነው!» አለ። ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ደግሞ ተፎካካሪያቸው ዶናልድ ትራምፕ የኦሃዮውን ሴናተር ጄዲ ቫንስን ምክትል አድርገው ከመረጡበት ከሐምሌ 8 ጀምሮ የቫንስ ጠበቃ ሆኖ የከረመ ነው፤ «ኦሃዮስ? ኮሎምበስ ያለው ሐበሻ ትንሽ ነው?» ሲል መለሰለት። ሦስተኛው ትራምፕ በጥቅምት 2013 ስለ ሕዳሴ ግድብ የተናገሩትን፣ ግብጽ ታፈነዳዋለች ያሉትን፣ አነሣና ጠረጴዛውን በቡጢ ሲለው የማኪያቶ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። ብርጭቆው የኔ ነበር። ሂሳቡም የኔ ሆነ።

እስኪያባራ ድረስ ተቀምጬ ሰማኋችሁ። የዋልዝ አስተማሪነት ተነሣ፣ የቫንስ ሚስት ዘር ተነሣ፣ የቫንስ ጢም ሳይቀር ተነሣ። ማን ለሐበሻ ቪዛ እንደሚያበዛ ሁለቱም ወገን በእርግጠኝነት ተናገረ። «ለመሆኑ አለቃው አንድ ነገር ቢሆን ይህ ሰው በማግሥቱ አገር መያዝ ይችላል?» ያለ ግን አንድም አልነበረም። ቁጣዬ ከዚህ ይጀምራል። የአሜሪካን ጉዳይ ለምን አወራችሁ አልልም፤ ግማሻችሁ ዲቪ ሞልታችኋል፣ የሌላው ግማሽ የቤት ኪራይ ከዚያ ነው የሚመጣው። የምቆጣው ሙሉ ምሽት ስለ ምክትል ተሟግታችሁ ምክትል ለምን እንደሚያስፈልግ ሳታነሡ በመበተናችሁ ነው።

በአሜሪካ ታሪክ ዘጠኝ ምክትሎች በአለቆቻቸው ወንበር ላይ ሳይመረጡ ተቀምጠዋል። ስምንቱን ሞት ነው ያስቀመጣቸው፣ ዘጠነኛውን እ.ኤ.አ. በ1974 የኒክሰን ሥልጣን መልቀቅ። ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰን በ1841 ቃለ መሐላ ፈጽመው ወር ብቻ ቆዩና ሞቱ፤ የቀረውን ዘመን ሙሉ የገዛው ምክትላቸው ጆን ታይለር ነው። በ1944 የሩዝቬልት ፓርቲ ነባሩን ምክትል ሄንሪ ዋላስን አውርዶ ሃሪ ትሩማንን ያስገባ ጊዜ፣ የፕሬዚዳንቱ ጤና መላላቱን የሚያውቁ የፓርቲው ሹማምንት የሚመርጡት ሁለተኛ ሰው ሳይሆን ቀጣዩ ፕሬዚዳንት መሆኑ ገብቷቸው ነበር። ትሩማን ምክትል ሆነው የቆዩት 82 ቀን ብቻ ነው። ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ሩዝቬልት ሲሞቱ፣ አገራቸው የአቶሚክ ቦምብ እየሠራች መሆኗን እንኳ በወጉ የነገራቸው አልነበረም። አራት ወር ሳይሞላ ቦምቡ ሂሮሺማ ላይ ወደቀ። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ነው፤ እናንተ ብርጭቆ የሰበራችሁበት ቀን። የቀን መግጠም ነው፣ ትንቢት አታድርጉት።

ስለ ሊንደን ጆንሰን ግን ትንሽ ልቆይ፤ የሚኒሶታውን ወንድም ይመለከታልና። ጆን ኬኔዲ በ1960 ጆንሰንን ያጣመሯቸው ቴክሳስንና የደቡቡን ድምፅ ፍለጋ ነው። ያኔም ወሬው ሁሉ የየት አገር ሰው ነው፣ ስንት ድምፅ ያመጣል የሚል ነበር። ሦስት ዓመት አልፎ ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ኬኔዲ ዳላስ ላይ ተገደሉ፤ ያውም በዚያው በቴክሳስ። ከዚያ በኋላ የ1964ቱን የሲቪል መብቶች ሕግ የፈረመው ያ ምክትል ነው። ቬትናም ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጦር ያስገባውም እሱ ነው። በ1965 ደግሞ ስደተኛን በትውልድ አገሩ ኮታ የሚለየውን አሮጌ ሥርዓት የሻረውን ሕግ ፈረመ። አንተ ልጅ፣ ወንድምህ ከገባባቸው በሮች አንዱን የከፈተው ለድምፅ ማሟያ ተብሎ የተወሰደ ሰው ነው። ስለ ቴክሳሱ ድምፅ ዛሬ ማን ያወራል? የቀረው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሠራው ነው፣ ደጉም ክፉውም።

«የአሜሪካ ታሪክ ለኛ ምን ይሠራል» የሚል ይኖራል። እሺ፣ ወደ ቤታችን እንግባ፤ ምክትል ምን እንደሆነ በደም የተማርን ሕዝብ ነን።

በኛ አቆጣጠር መስከረም 1967 ደርግ ንጉሡን አውርዶ ጄኔራል አማን አንዶምን ከፊት ሲያቆም እኔ ተማሪ ነበርኩ። ሁላችንም ያየነው ጄኔራሉን ነው፤ ግርማ ሞገሳቸውን፣ የጦር ሜዳ ዝናቸውን። ከጎናቸው ያለው ምክትል ማን ነው ያለ ካለ እኔ አላገኘሁትም። ኅዳር 14 አማን ተገደሉ። ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተተኩ፤ ምክትሉ ያው ነበር። ጥር 26 ቀን 1969 ተፈሪ በንቲም ከነባልደረቦቻቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ። አሁን ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ያ ማንም ያልጠየቀለት አንደኛ ምክትል ሊቀመንበር፣ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ አገር ጥለው ሲወጡ ደግሞ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ነበሩ፤ ሹመቱን ከያዙ ወር ያህል ቢሆናቸው ነው። የሚፈርስ ቤት ቁልፍ ተረከቡ። ከሳምንት በኋላ፣ ግንቦት 20፣ ከተማዋ በሌላ እጅ ገባች፣ እሳቸውም የጣሊያን ኤምባሲ ግቢ ገብተው ቀሩ።

ነሐሴ 2004ንማ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መለስ ዜናዊ ሲሞቱ በዚችው አራት ኪሎ ሰው ሁሉ ሕገ መንግሥት አገላባጭ ሆነ። አንቀጽ 75 ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በማይኖሩበት ጊዜ ተክተው ይሠራሉ ይላል። «በማይኖሩበት» ማለት ሞትንም ይጨምራል ወይ ብለን ታክሲ ውስጥ ተከራከርን። ኃይለማርያም ደሳለኝ መስከረም 11 ቀን 2005 ቃለ መሐላ እስኪፈጽሙ አንድ ወር ሙሉ አገር ጆሮዋን ቀስራ ቆየች። ሰውዬው ምክትል ሆነው የተሾሙት ግን በ2003 ነው። ሁለት ዓመት ያህል አጠገባችን ነበሩ፤ ማንነታቸውን መጠየቅ የጀመርነው ከለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው።

አውቃለሁ፣ «እኛ መቼ ምክትል መርጠን እናውቃለን» ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። የኛ ሥርዓት ለተወካይ ድምፅ መስጠት ነው፤ ከላይ ያለውን ፓርቲውና ምክር ቤቱ ይጨርሱታል። ፕሬዚዳንታችንም ቢሆን የሚሰየመው በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ተጣማሪ እጩ የሚባል ነገር የለንም። ታዲያ መጠየቅ ማን ከለከለን? የፓርላማው ሰዓት ከዚያ ቡና ቤት ብዙም አይርቅም። ስለ ቫንስ ትውልድ እስከ አያቱ የምታውቁ ሰዎች፣ የመረጣችሁትን ተወካይ ስም ስጠይቃችሁ ሦስታችሁ ብቻ መለሳችሁ፤ አንዱ ደግሞ ተሳስቷል።

ሌላም የከነከነኝ አለ። ዋልዝንና ቫንስን የመዘናችሁበት ሚዛን ከአሜሪካ የመጣ አይደለም። «የኛ ነው፣ የነሱ ነው፣ ወንድሜ እዚያ አለ» የሚለው፣ እዚህ አንድ ሰው በተሾመ ቁጥር «የማን ወገን ነው?» የምንልበት የዕለት ሚዛናችን ነው፤ ውቅያኖስ አሻገርነው እንጂ አልጣልነውም። ነጮቹም በመልክዓ ምድር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት ይመዝናሉ፤ የለም አልልም። ጥፋቱ ከዚያ ላይ መቆሙ ነው።

እኔ ራሴ ከዚህ ጥፋት ንጹሕ አይደለሁም። የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የሊቀመንበሩ ምርጫ ሁለት ሰዓት ፈጀና ሰው ሁሉ ደከመው። ምክትል ሲባል ከኋላ አንዱ ስም ጠራ፤ «ጨዋ ሰው ነው፣ ይሁን!» ብዬ መጀመሪያ እጄን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ጨዋ ነው፣ አልዋሸሁም። ሊቀመንበሩ በድንገት ታሞ ሆስፒታል በተኛበት ሰሞን አንዲት ጎረቤታችን አረፉ። ገንዘብ ለማውጣት ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል። የምክትሉ ፊርማ ለባንክ ተሰጥቶ አያውቅም፤ ቼኩ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም፤ የድንኳኑ መጋዘን ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ አያውቅም። ሟቿ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወርሃዊ መዋጮ ሳያጓድሉ የከፈሉ ሴት ናቸው። ለቀስተኛው ፀሐይ ላይ ተቀምጦ እኛ ከሱቅ በብድር ንፍሮ እንገዛ ነበር። ልጃቸው ምንም አላለችኝም። ዝም ብላ አየችኝ።

ምክትሉን አልወቅሰውም። የጠየቀው የለም፣ እሱም አልጠየቀም፤ ስሙ ብቻ ወረቀት ላይ ነበር።

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ አለ። ያ ሰው በፈቃዱ ወርዷልና አዲስ ምክትል ይመረጣል። ስለ ሚኒሶታ የተከራከራችሁት ሦስታችሁም የእድሩ አባል ናችሁ፤ ያለፈውን ስብሰባ ቀርታችሁ ቅጣት እንዳለባችሁም መዝገቡ ላይ አይቻለሁ። ኑ። ስም ሲጠራ እጃችሁን ቶሎ አታንሡ፤ ሰውዬውን አስቁሙና ነገ ሌሊት ጡሩንባ ቢነፋ ምን እንደሚያደርግ፣ ፊርማውን ለባንክ መቼ እንደሚሰጥ፣ ቁልፉን ከማን እንደሚቀበል ጠይቁት። ብርጭቆውንም እዚያው ትከፍሉኛላችሁ።