ነጋዴውን ከመርገማችሁ በፊት

የአገሬ ሰው ሆይ፣ ጤፍ በተወደደ ቁጥር የምታነሱት ዜማ ይብቃችሁ። «ስግብግብ ነጋዴ!» ትላላችሁ። ሱቁ ሲታሸግ ታጨበጭባላችሁ። በማግስቱ ከዚያው ሰፈር ካልታሸገው ሱቅ ጨምራችሁ ትገዛላችሁ። ከታሸገው በር ጀርባ የቀረው ዘይት ለማን እንደደረሰ ግን አንዳችሁም አትጠይቁም።

ማታ የበላችሁት እንጀራ በስንት እጅ እንዳለፈ እስቲ ቁጠሩ። ደጀን ወይም አድአ ያለው ገበሬ ጤፉን በአህያ ጭኖ ገበያ ያወጣል። ሰብሳቢው ከዚህም ከዚያም እየገዛ ያጠራቅማል። ሾፌሩ ሌሊቱን ነድቶ አዲስ አበባ፣ እህል በረንዳ ያደርሳል። ደላላው ያገናኛል፣ ወዛደሩ ያራግፋል፣ ወፍጮ ቤቱ ይፈጫል፤ ጋጋሪዋም ገና ሳይነጋ ምጣዷን ታሰማለች። ከእነዚህ ሁሉ ስለ እናንተ እራት የተጨነቀ የለም፤ እያንዳንዱ የሚጨነቀው ለቤት ኪራዩና ለልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ነው። እናንተ ግን ጠግባችሁ ተኛችሁ። ይህን ያህል ሰው ያለ አንድ ትእዛዝ ለእናንተ ሲሠራ ማደሩ ሊያስገርማችሁ ሲገባ፣ የሚታያችሁ የመጨረሻው ባለ ሱቅ ትርፍ ብቻ ነው።

«ደላላውና ነጋዴው ናቸው የበሉን» የሚለውን አባባልም ቀስ በሉበት። ከአሥር ዓመት በላይ በፊት አጥኚዎች ጤፍን ከማሳ እስከ ከተማ ተከትለው ነበር፤ ያገኙትም ሸማቹ ከሚከፍለው ዋጋ አብዛኛው ለገበሬው እንደሚደርስ ነው። ሰዉ መሐል ላይ የሚፈልገው ያ ትልቅ ሌባ አልተገኘም።

ነጋዴ የሌለበትን ገበያ ደግሞ አይተነዋል። በ1967 ዓ.ም. ባንኩና ፋብሪካው ተወረሰ፤ ቆይቶም የግል ነጋዴ የሚይዘው ካፒታል ጣሪያ ተበጀለት። ከዚያ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት መጣ፤ ገበሬው ኮታውን በተተመነ ዋጋ እንዲያስገባ ታዘዘ። ምርቱ ያልደረሰለት ገበሬ ምን ያደርግ ነበር መሰላችሁ? ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር! ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እህል እንዳያልፍ ኬላ ቆመ። ከተማው ደግሞ በኅብረት ሱቅ በር ላይ ሰልፍ ይዞ ዋለ። በድንጋይ ወረፋ የያዙ እናቶች ዛሬም በየቤታችሁ አሉ፤ ጠይቋቸው። ያኔ ስግብግቡ ነጋዴ ከመንገድ ተወግዶ ነበር፤ ስኳሩና ሳሙናው ግን በካርድ ነበር።

ደርግ ራሱ በየካቲት 1982 ዓ.ም. «ቅይጥ ኢኮኖሚ» ብሎ ኮታውንና ኬላውን ሲያነሳ እህል እንደ ልቡ መጓዝ ጀመረ፤ በየአካባቢው የነበረው የዋጋ ልዩነትም ጠበበ። ገበያውን ያላመነው መንግሥት እንኳ መጨረሻ ላይ ያደረገው ይህን ነው። እናንተ ግን ዛሬም «ዋጋ ይተመንልን» ትላላችሁ። መንገድ ላይ ገመድ ወጥሮ ከየጭነት መኪናው ገንዘብ የሚቀበለውን ኬላ ትተዋላችሁ፤ ያን ገንዘብ ኩንታሉ ላይ የደመረውን ነጋዴ ትሰድባላችሁ። በተተመነ ዋጋ የማያዋጣው ነጋዴ እቃውን ወይ ይደብቀዋል ወይ አያመጣውም። ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም፤ ከሸማቾች ማኅበር ስኳር ለማግኘት የተሰለፈ ሁሉ ያውቀዋል።

ሌላም ልንገራችሁ። ባንክ ስትገቡ ሠራተኛው ብድግ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ» የሚላችሁ ጠባይ ስለተለወጠ ይመስላችኋል? የግል ባንክ በ1986 ዓ.ም. በሕግ ተፈቀደ፤ ከዚያ አዋሽ ባንክ በ486 ባለአክሲዮኖችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ተነሳ። ዛሬ አንዱ ባንክ ቢያጉላላችሁ ተሻግራችሁ ሌላው ዘንድ ትገባላችሁ፤ ሠራተኛው ይህን ያውቃል። ስልኩም እንዲሁ ነው፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ለዘመናት ብቻውን የኖረው ድርጅትም ደንበኛ ሊሄድበት እንደሚችል አየ።

በርበሬ ላይ የሸክላ ዱቄት፣ እንጀራ ላይ ጀሶ የሚቀላቅለውንስ? እሱን ክሰሱት፣ ይታሰር። ሚዛን የሚሰርቅ ሰው ወንጀለኛ ነው፤ የእሱ ጥፋት ግን አጠገቡ በሐቅ የሚሸጠውን ለማሸግ ምክንያት አይሆንም። ነጋዴዎችም በበኩላችሁ አትኩሩ። ነፃ ገበያ የምትሉት ለራሳችሁ ፈቃድ እስክታገኙ ብቻ ነው፤ አዲስ ሰው ሊገባ ሲል ደግሞ በሩ እንዲዘጋ መጀመሪያ ወደ ቢሮ የምትሮጡት እናንተው ናችሁ። በችርቻሮ ንግድ የውጭ ዜጋ ይግባ ሲባል ያሰማችሁትን ጩኸት ሰምተናል።

በሚቀጥለው የወረዳ ስብሰባ ላይ «ነጋዴው ላይ እርምጃ ይወሰድ» የሚል ጎረቤት መነሳቱ አይቀርም። እሱ ሲቀመጥ እናንተ ተነሱ። የእህል ንግድ ፈቃድ ስንት ሰው ጠይቆ ስንቱ እንደተሰጠው፣ ከደጀን አዲስ አበባ ድረስ ስንት ቦታ ገመድ እንደተወጠረ፣ እዚያ የሚሰበሰበውም ገንዘብ በማን ደረሰኝ እንደሚቆረጥ ጠይቁ። የስብሰባው መሪ «ይጣራል» ብሎ ቢያልፋችሁ፣ የሚጣራበትን ቀን ሳይነግራችሁ አትቀመጡ።