የባቲ ግመል የገባት ነገር ለኃላፊው አልገባቸውም

ሰሞኑን ደሴ ላይ በተካሄደ አንድ የትራንስፖርት ውይይት ተገኝቼ ነበር። በክራንች የሚሄድ አንድ ነዋሪ እንደምንም ተነሣና ጠየቀ። «ከተማው አውቶቡስ ሲገዛ ለምን ወለሉ ዝቅ ያለውን አይገዛልንም?» መድረክ ላይ የተቀመጡት ኃላፊ ፈገግ አሉ። «እሱ ለሜዳ አገር ነው። እኛ ጋ ዳገት ላይ ሆዱ መሬት ይፍቃል» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሰውዬው ተቀመጠ።

እኔ አልሳቅሁም። ስማቸውን አልጠራም፤ ንግግራቸውን ግን እንዲሁ አላልፈውም።

ከሆዱ እንጀምር። ወለሉ ዝቅ አለ ማለት አውቶቡሱ እንደ እባብ በደረቱ ይሳባል ማለት አይደለም። የለመድነው አውቶቡስ ከፍ የሚለው ወለሉ በብረት አጽሙ (በሻንሲው)፣ ግራና ቀኝ ጎማን በሚያያይዘው አክስልና በሞተሩ ላይ ስለሚነጠፍ ነው። በዝቅተኛው ላይ ይህ ሁሉ ከመተላለፊያው ገለል ይላል። የኋላ አክስሉ መሃሉ ወደ ታች ይጎብጣል። ሞተሩ ወደ ኋላ ጥግ ይገፋል። የጋዝ ሲሊንደሩ ወይም ባትሪው ጣሪያ ላይ ይወጣል። የሚቀመጠውም በባሌስትራ ሳይሆን በአየር ከረጢት ላይ ነው። ሾፌሩ ጉብታ ካየ ከረጢቱን ነፍቶ መላ አካሉን ከፍ አድርጎ ያልፋል። ዳገት የሚፈትነው ሞተርና ፍሬን ነው። ወለል ዳገት አይወጣም!

ወለሉ ዝቅ ያለውን የመርሰዲስ አውቶቡስ፣ ሲታሮን እንመልከት። በፈረንጆቹ 1997 ብቅ አለ፤ ከዚያ ወዲህ ከ50 ሺህ በላይ ተሸጧል። መደበኛው 12 ሜትር ነው። አጭሩ 10 ሜትር ተኩል ነው፤ ለጠባብ መታጠፊያ የተሠራ። መሃሉ የሚታጠፈው 18 ሜትር ይሆናል፤ ካፓሲቲ የሚባለው ደግሞ ከ19 ሜትር ያልፋል። ከፊት በር እስከ መሃል በር ብቻ ዝቅ ብሎ ከኋላ ደረጃ ያለው ዓይነትም አለ። በፈረንጆቹ 2018 ኤሌክትሪኩ ተጨመረ። እና ይሄ ሁሉ ሜዳ ላይ ብቻ የሚንሸራሸር መሰላችሁ? የጀርመኗ ሽቱትጋርት በኮረብታ የተከበበች ጎድጓዳ ከተማ ናት፤ እዚህ ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር የሚኖር ሰው ቢያያት አይገርመውም። ሲታሮ እዚያ ይሠራል። ኢስታንቡልም ይሠራል፤ የኢስታንቡልን ዳገት ያየ ያውቀዋል። የማንም ሆድ ተፈቀ ሲባል አልሰማንም።

የኔ ነገር ግን ሆዱ ላይ አይደለም፤ ጉልበቱ ላይ ነው።

ባቲ ሰኞ ገበያ የወጣ ሰው አይቷል። ግመል ቆማ አትጫንም። ባለቤቷ ገመዱን ሳብ ያደርጋል። የፊት ጉልበቷን ታጥፋለች፣ ቀጥሎ የኋላውን፣ ከዚያ መሬት ላይ ትቀመጣለች። ጭነቱ ይታሰራል፤ ትነሣለች። ሰውዬው ጭነቱን ተሸክሞ መሰላል ሲወጣ አይታችኋል? አላያችሁም። ዝቅ የሚለው ተሸካሚው ነው እንጂ ጫኙ አይደለም። ይሄንን የባቲ ግመል ያለ ስብሰባ ታውቀዋለች።

ሲታሮም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። መግቢያው ከመሬት 32 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ፌርማታ ላይ ሾፌሩ ቁልፍ ይጫናል። በበሩ በኩል ያሉት ከረጢቶች ይተነፍሳሉ። አውቶቡሱ ስድስት ሰባት ሴንቲ ሜትር ወደ ተሳፋሪው ዘንበል ይላል። የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ከፍታው 15 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የሚቀረው አሥር ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጉልቻ እንኳ ከዚያ ይበልጣል! መሃል በሩ ላይ ደግሞ የሚዘረጋ ሰሌዳ አለ፤ ባለ ዊልቸር ሰው ሳይሸከመው ይገባል።

አሁን የኛን ቅጥቅጥ እዩት። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት ከገበያ መጡ፤ ዘንቢላቸው ሙሉ ነው፣ ጉልበታቸው ግን ባዶ። የመጀመሪያው ደረጃ ጉልበታቸው ድረስ ነው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ፣ የበሩን ብረት ያዙ፣ አንድ እግር አነሡ፣ መለሱት። ረዳቱ ክንዳቸውን ይዞ «አብሽሩ እናቴ፣ ይግቡ፣ ይግቡ» እያለ ይጎትታል። ከኋላ ያለው ወጣት ይገፋል። ዘንቢሉ ተገለበጠ፤ ሽንኩርቱ አስፋልቱን ይዞ ቁልቁል ወረደ። ሰው ሁሉ ለሽንኩርቱ ሮጠ። እሳቸው ግን ገና አንድ እግራቸው መሬት ላይ ነው። ይህን ያህል ሰዓት ለአንድ ተሳፋሪ! እኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ ከተማ ፌርማታ ላይ ከሚባክነው ጊዜ ግማሹ የደረጃ ዕዳ ነው። ሰዓት ይዤ አልለካሁም። ግን ልጇን አዝላ የምትሳፈረውን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ እግሩን በጦርነቱ ያጣውን ቁጠሩና ተከራከሩኝ። ደረጃውን ዘሎ የሚገባው የሃያ ዓመት ጎረምሳ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በእግሩም ይደርሳል።

«ወንበር ይቀንሳል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ የጎማው ቤት ወደ ውስጥ ስለሚገባ ጥቂት ወንበር ይበላል። ታዲያ የከተማ አውቶቡስ ውስጥ ማን ተቀምጦ ያውቃል? «ውድ ነው» የሚለውን ደግሞ ለሌላው ግዢ ሁሉ ሲነሣ ብሰማው ኖሮ አከብረው ነበር።

አንድ ነገር ልመን። በየሰፈሩ የተነጠፈው ኮብልስቶን ላይ፣ ለቁም ነገር የማይበቃ መታጠፊያ ውስጥ፣ ይሄ አውቶቡስ አይገባም። እዚያ ባጃጅ ይንገሥ። እኔ የምለው ስለ ዋናው አስፋልት ነው፤ ከሸዋ በር በፒያሳ አድርጎ ወደ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ስለሚሄደው። ለደሴ ውስጥ አጭሩ ይበቃል። በሐረጎ ቁልቁል ኮምቦልቻ ለሚወርደው ደግሞ ያ ከኋላ ደረጃ ያለው ይሁን፤ ሩቅ ተጓዡ ከኋላ ይውጣ፣ እናቶች ከፊት ይቀመጡ። ኤሌክትሪክ ከሆነማ ቁልቁለቱ ራሱ ባትሪ ይሞላል። ዳገት ዳገት የሚሉን ሰዎች ቁልቁለቱን የት ጣሉት?

ደግሞ ጉዳዩ የደግነት ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ትራንስፖርትን በስሙ ይጠራል። «ከዳገት በስተቀር» የሚል ሐረግ ፈልጌ አላገኘሁም። ያ በክራንች የቆመው ሰው ችሮታ አልጠየቀም፤ አገሩ የፈረመበትን ነው የጠየቀው። የተመለሰለት ግን ሳቅ ነው።

ለኃላፊው አንድ ግብዣ አለኝ። ሰኞ ባቲ እንሂድ። ግመል ስትጫን ቆመን እናያለን፣ ከዚያ ቡና እጋብዛለሁ። ትራንስፖርቱም በኔ ነው፤ በቅጥቅጥ ነው የምንሄደው። ደረጃው ከፍ ስለሚል ጉልበትዎን ከወዲሁ ያዘጋጁ፤ ካቃተዎት ረዳቱ ይጎትትዎታል፣ እኔም ከኋላ እገፋለሁ።