ማስተካከያ፦ ቫልግራይንድ ስለ አድራሻ ስለሚለው ነገር

ቀደም ብሎ የቫልግራይንድን (እንደ ሲ ባሉ ቋንቋዎች በተጻፉ ፕሮግራሞች ላይ የሜሞሪ ስህተት የሚፈልግ ቱል ነው) ሪፖርት ስለማንበብ በወጣው ማብራሪያ ላይ፣ አድራሻው ስታክም (የፈንክሽኖች ጊዜያዊ ሜሞሪ) ማሎክም (ፕሮግራሙ ጠይቆ የያዘው ሜሞሪ) በቅርቡ ፍሪ የተደረገም (የተለቀቀ) አይደለም የሚል መስመር ካያችሁ ፖይንተሩ (አድራሻውን የያዘው ቫሪያብል) ከመጀመሪያውም ኢኒሻላይዝ አልተደረገም (መነሻ ዋጋ አልተሰጠውም) ማለት ነው ተብሎ ነበር፣ ይሄ ልክ አይደለም። ሊሆን ይችላል፣ ግን መስመሩ ብቻውን ያንን አያረጋግጥም።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሜምቼክ (ሜሞሪውን የሚከታተለው የቫልግራይንድ ክፍል) ፍሪ ያደረጋችሁትን ብሎክ፣ ማለትም የሜሞሪ ቁራጭ፣ ወዲያው አይለቀውም፣ ወረፋ ውስጥ ያቆየዋል፣ ወረፋው ደግሞ ካልቀየራችሁት 20 ሚሊዮን ባይት ነው፣ ሲሞላ የቆዩት ይወጣሉ ስለነሱ የያዘው መረጃም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ብዙ ሜሞሪ እየያዘ የሚለቅ ፕሮግራም ላይ ከቆየ በኋላ የተነካ ብሎክ የማን እንደነበር ቱሉ ራሱ አያውቅም። ፍሪሊስት ቮል (--freelist-vol) የሚለውን የወረፋውን መጠን የሚወስን ኦፕሽን በደንብ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ሩን አድርጉት፣ ያው ኤረር አሁን «ፍሪ የተደረገ 40 ባይት ብሎክ ውስጥ 8 ባይት ገባ ብሎ» የሚል ይዞ ከመጣ ዩዝ አፍተር ፍሪ (ከተለቀቀ በኋላ ሜሞሪውን መንካት) ነው፣ በቃ። ፍሪ የተደረገበትን መስመርም ያሳያችኋል (በዲበግ ኢንፎ (-g) ኮምፓይል ካደረጋችሁ ማለቴ ነው፣ ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል)።

ሌላው፣ «ከ40 ባይት ብሎክ 0 ባይት በኋላ» ሲል ዜሮዋ አታዘናጋችሁ፣ ልክ ከጫፉ ወጥታችኋል ማለት ነው፣ 10 ባለ 4 ባይት ኢንት የያዘ አሬይ ላይ ኢንዴክስ 10ን ነክታችኋል፣ የመጨረሻው 9 ነው። ሉፑ ላይ ያለችውን እኩል ምልክት እዩዋት፣ < መሆን የነበረበት <= ሆኖ ይሆናል።