መቀላቀል ሌላ፣ መጥፋት ሌላ

ስለ ትንንሽ ሕዝቦች ቋንቋ ሲወራ «ተቀላቀለ፣ ተበረዘ፣ አለቀለት» ማለት ይቀናናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ቋንቋ ስለተቀላቀለ አይሞትም። በሩሲያ ሰሜናዊ ጫፍ የሚኖሩት የኢዝማ ኮሚዎች ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል።

ኮሚኛ የፊንላንድኛና የሃንጋሪኛ የሩቅ ዘመድ ነው። በኢዝማ ወንዝ ዳር የሰፈሩት ኮሚዎች ራሳቸውን «ኢዝቫታስ» ይላሉ። ሬንዲር የሚባለውን የበረዶ አገር አጋዘን ማርባት የተማሩት ከጎረቤቶቻቸው ከኔኔቶች ነው። ከሙያው ጋር ልብሱንም፣ የቆዳ ድንኳኑንም፣ ቃላቱንም ወሰዱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልልቅ መንጋ ያላቸው ነጋዴዎች ወጡላቸው። በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አንዳንድ ቤተሰቦች መንጋቸውን እየነዱ በሩሲያ ሰሜን ምዕራብ እስካለው እስከ ኮላ ልሳነ ምድር ተሰደዱ። ዘሮቻቸው ዛሬም ሎቮዜሮ በምትባል መንደር ከአካባቢው ነባር ሕዝብ ከሳሚዎች ጋር ይኖራሉ።

በጣም የሚገርመኝ ግን የኮልቫ ወንዝ ኔኔቶች ነገር ነው። እነሱ ጭራሽ የኢዝማ ኮሚኛን አፍ መፍቻቸው አደረጉት። ቃል ያበደረው ሕዝብ፣ ከፊሉ ከተበዳሪው ሙሉ ቋንቋ ወሰደ ማለት ነው። ለእነዚያ ኔኔቶች ይህ ኪሳራም እንደነበረ አልክድም። ቢሆንም ለውጡ የመጣው በሥራ፣ በጋብቻና በጉርብትና ነው።

የአሁኑ ለውጥ እንደዚያ አይደለም። በሶቪየት ዘመን የእረኞች ልጆች ከድንኳን ርቀው አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያ የሚሰሙት ሩሲያኛ ነበር። በ2018 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የፌደራል ሕግ ደግሞ የአካባቢ ቋንቋ ትምህርትን በወላጅ ምርጫ ላይ ጣለው። «ወላጅ ከተጠየቀ ምን ችግር አለው?» የሚል አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፈተና በሩሲያኛ መሆኑን ወላጅ ያውቃል። ይህን እያወቀ የሚመርጠውን ነፃ ምርጫ ማለት ይከብደኛል።

በዚያ ላይ በመጽሐፍ የሚጻፈው ኮሚኛ የተመሠረተው በኮሚ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በሲክቲቭካር አካባቢ አነጋገር ላይ ነው። ኢዝማዎች ብዙ ቦታ ላይ «ል»ን ውጠው አናባቢውን ይስባሉ። ስለዚህ ልጁ ኮሚኛ ቢማር እንኳ የሚማረው የአያቱን አነጋገር አይደለም።

በ2002 (እ.ኤ.አ.) የሕዝብ ቆጠራ 15,607 ሰዎች «ኢዝማ ኮሚ ነን» ብለው ተመዘገቡ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) ቁጥሩ 6,420 ሆነ። ያን ሁሉ ሰው ሞት አልወሰደውም፤ ስሙን ማስመዝገብ ነው የተወው። ሞስኮ እንደ አንድ የኮሚ ቅርንጫፍ እንጂ ራሱን እንደቻለ አናሳ ነባር ሕዝብ አላወቀቻቸውም። የሚያስገኘው መብት ከሌለ ስሙን ለልጅ ማውረስ ይከብዳል።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። እውቅናው ይሰጣቸው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በራሳቸው አነጋገር ይሁኑ። መንጋ ተከትለው የሚሄዱ ቤተሰቦች ካሉ መምህሩም አብሯቸው ይሂድ። እዚያው ሩሲያ ውስጥ በያኩትያ፣ ዘላን ትምህርት ቤቶች ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ ይታወቃሉ።