ጀማሪውን ስንቆጥር ነባሩ እንዳይዘጋ

በጀት ዓመት በተዘጋ ቁጥር ከወረዳ እስከ ክልል የምንሰማው ሪፖርት ተመሳሳይ ነው፤ ይህን ያህል ወጣት ተደራጀ፣ ይህን ያህል የመሥሪያ ሼድ ተላለፈ፣ ይህን ያህል ብድር ተሰራጨ። አምናና ካቻምና ከተደራጁት ስንቶቹ ዛሬም እየሠሩ እንደሆነ የሚናገር ሪፖርት ግን ብዙም አይገጥመኝም። በእኔ እምነት በሰሜን ሸዋ የኢንተርፕራይዝ ድጋፍ ትልቁ ችግር ይህ ነው። ድጋፉ ሥራ ለማስጀመር እንጂ የተጀመረውን ለማቆየት አልታሰበም።

ፖሊሲው ነገሩን ፈጽሞ ዘንግቶታል ማለቴ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. የተሻሻለው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ ተቋማቱን ጀማሪ፣ ታዳጊና የበቁ ብሎ በሦስት ደረጃ ከፍሏቸዋል፤ ለየደረጃው የሚሰጠውንም ድጋፍ ለይቷል። ወረዳ ላይ ሲደርስ ግን ዕቅዱ የሚሞላው በአዲስ የሥራ ዕድል ቁጥር ነው። ባለሙያውም የሚገመገመው በዚያው ስለሆነ ጉልበቱን ሁሉ አዲስ ማደራጀት ላይ ያውላል። በእሱ አልፈርድም።

የመንዝን ሱፍ እንውሰድ። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ፤ ባና፣ ዝተትና በርኖስ የሚባል የሱፍ ልብስ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ማንም ሳያደራጀው ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እዚህ የደረሰ ሙያ ነው። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ የብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለውም አገሩ የበግና የሱፍ አገር በመሆኑ ነው።

ደብረ ብርሃን ውስጥ በዚሁ ሙያ የሚተዳደሩ አንዲት እናት አውቃለሁ። በተከራዩት ግቢ ሽማኔዎች ያሠራሉ፤ ፈትሉን የሚያመጡላቸው ከመንዝ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች ናቸው። ፈትል ደግሞ በዱቤ አይገኝም፤ ፈታይዋ ልቃቂቷን አስመዝና ገንዘቧን እጅ በእጅ ተቀብላ ጨውና ዘይቷን ሸምታ ትመለሳለች። አንድ ጊዜ ከአንድ ሆቴል ጠቀም ያለ የምንጣፍ ትእዛዝ መጣላቸው። የጎደላቸው የፈትል መግዣ ብቻ ነበር። ለብድር ሲሄዱ የተጠየቁት የቤት ካርታ ነው። ቤቱ የኪራይ ነው ሲሉ ከሌሎች ጋር ተደራጅተው እንዲመጡ ተመከሩ። ንግድ ፈቃድ ያላቸው፣ ግብር የሚከፍሉ፣ ትእዛዝ በእጃቸው ያለ ሰው ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር እንደ አዲስ ይደራጁ? ትእዛዙ ቀረ። ያን ሰሞን ፈትላቸውን ይዘው የመጡ ሴቶችም ገዢ ሳያገኙ ተመለሱ።

የሚያበሳጨኝ ሕጉ መኖሩ ነው። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የቤት ካርታ የሌለው ሰው ማሽኑን፣ ከብቱን፣ የመጋዘን ዕቃውን፣ ከደንበኛው የሚሰበስበውን ሒሳብ ጭምር አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። ማስያዣው የሚመዘገብበት ሥርዓትም በብሔራዊ ባንክ ሥር ተቋቁሟል። የእኚህ እናት የሽመና ዕቃ፣ ያለቀ ምንጣፋቸውና የሆቴሉ ትእዛዝ በዚህ ሕግ ዓይን ሊታዩ ይገባ ነበር። ዞኑና አበዳሪዎቹ ተቀምጠው በግ፣ ፈትልና ያለቀ ዕቃ እንዴት እንደሚገመት ቢስማሙ፣ ከብዙ ሥልጠናና ዐውደ ርእይ የበለጠ ጥቅም ይሰጣል።

ብሔራዊ ባንክ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የባንኮችን የብድር ዕድገት በ14 በመቶ መገደቡም መረሳት የለበትም፤ ጣሪያው በኋላ ከፍ ቢልም። የዋጋ ንረትን ለመያዝ የተወሰደ እርምጃ ነው፤ ምክንያቱ ይገባኛል። ነገር ግን የሚበደረው ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ ከሰልፍ የሚወጣው ትንሹ ተበዳሪ ነው፤ ለእሱ ተለይቶ የተቀመጠ ድርሻ ከሌለ ማንም አያስታውሰውም።

መንግሥት ራሱም ባለዕዳ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የገበያ ትስስር ተብሎ ለተደራጁት ወጣቶች ማኅበራት የትምህርት ቤት ዴስክ፣ በርና መስኮት ይታዘዛል። በጨረታው ላይ የአደራጅ መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ እንደ ዋስትና መያዙ ትልቅ እገዛ ነው። ዕቃው ተሠርቶ ከተረከቡ በኋላ ግን ክፍያው ሲጓተት ማኅበሩ ላሜራና እንጨት በዱቤ ከወሰደበት ነጋዴ ጋር ይጣላል፤ የብድሩ ወለድ አይጠብቅም። ለመዘግየት የሚሰጠው ምክንያት ምንም ይሁን፣ ከትልቅ ተቋራጭ በፊት ለነዚህ ልጆች መከፈል አለበት።

የዚሁ ዞን ከተማ አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ነጋዴው ለዓመታት ያፈራው በእሳት ወድሟል። ከዚያ ወዲህ በመጣው ግጭትም መንገድ እየተዘጋ ዕቃ ሳይደርስ፣ ገበያ ሳይቆም የቀረበት ቀን ብዙ ነው። እንዲህ ባለ አካባቢ የመክፈያ ጊዜ የሚራዘምበት ግልጽ ደንብ ሊኖር ይገባል፤ የእያንዳንዱ ተበዳሪ ዕጣ በቅርንጫፍ ኃላፊው በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠል የለበትም።

ዞኑ ለመጪው ዓመት ሲያቅድ ከአዲስ የሥራ ዕድሉ ቁጥር ጎን ሁለት ነገር እንዲያስገባ እጠይቃለሁ፦ ከሦስት ዓመት በፊት ተደግፈው ዛሬም የሚሠሩት ስንት እንደሆኑና ለነባሮቹ የሥራ ማስኬጃ የተሰጠው ብድር ምን ያህል እንደሆነ። ወረዳዎችም በእነዚህ ይገምገሙ፤ ውጤቱም በየከተማው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።